ጉድጓድ የገባችው እንሰት

ተረት ተረት! ከጓሮ በኩል የሰማሁት።

ሙዝና እንሰት በአንድ ጓሮ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ባለጓሮዋ እንሰትን ቆርጣ፣ ፍቃ፣ በቅጠል ጠቅልላ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረቻት፤ ድንጋይም ጫነችባት።

ሙዝ ቅጠሏን እያርገበገበች ሳቀች። «አይ እንሰት! ትናንት አብረን ቆመን ዛሬ ተቀበርሽ? ነፍስ ይማር!»

«አልሞትኩም እኮ» አለች እንሰት ከድንጋዩ ሥር፤ «እየቦካሁ ነው።»

በዚያ ዓመት ዝናብ ቀረ። ሙዝ ፍሬ መስጠት አቅቷት ጠወለገች፤ ልጆች በረሃብ አለቀሱ። ይሄኔ ባለጓሮዋ ጉድጓዱን ከፍታ፣ ከቦካችው እንሰት ቀንሳ ቆጮ ጋገረች። ቤቱ ጠገበ፤ ጎረቤትም ተጠራ።

ሙዝ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀረችው እንሰት ጎንበስ ብላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እህቴ» አለች፤ «እዚያ ውስጥ ለእኔም ቦታ ይኖራል?»

ተረቴን መልሱ፤ አፌን በቆጮ አብሱ።