አጥሩ ሥር የቀረችው ተፈታኝ

አንዲት ሴት ነበረች፤ በአንድ ትምህርት ቤት በር ላይ ሴቶችን የምትፈትሽ። ወታደርም ዳኛም አይደለችም። ቦርሳ ከፍታ ታያለች። ፊቷን የሸፈነች ልጅ ስትመጣ ደግሞ ከጥበቃ ቤቷ ጀርባ ትወስዳትና ፊቷን ከመታወቂያው ፎቶ ጋር አስተያይታ፣ ግቢ ልጄ ትላታለች። ይኸው ነው ሥራዋ።

የአገር አቀፍ ፈተና ዕለት ነጂሃ የምትባል ተማሪ ኒቃቧን ለብሳ መጣች። ዋናው ጥበቃ ከለከላት። አዲስ መመሪያ አለ፣ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው፣ በዚህ ልብስ አይገባም አላት። አንድ ሽማግሌ ስለ መብቷ ተከራከሩላት። አንድ መምህር ሕግ ጠቀሰባቸው። ነጠላ ያጣፋ ሰውዬ ደግሞ፣ ነገ የእኛን ማተብ በጥሱ ልትሉን ነው ብሎ ከኋላ ገባበት። ወይ ጉድ፣ ያን ቀን አገሩ ሁሉ ሕግ አዋቂ ሆነላችሁ!

ልጅቷስ ምን አለች? ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ወደ ፈታሿ እያየች፣ "ፊቴን ለእትዬ ላሳያቸውና ልግባ" አለች። የጠየቀችው ይህንኑ ብቻ ነው።

ማን ሰማት? ፈታሿ ሰማች። አጠገቧ ቆማ ነበርና ሰማች። ነይ ልጄ ልትል አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ወንዶቹ ጦፈዋል፤ እኔ ማን ነኝ፣ ከእንጀራዬ ብፈናቀልስ አለች በሆዷ። ዝም አይነቅዝም ብላ ዋጠችው።

ደወሉ ተደወለ፤ በሩ ተዘጋ። ተከራካሪዎቹ እየተነታረኩ ተበተኑ፤ ሁሉም ረትቻለሁ ባይ ነው። ነጂሃ እርሳሷን እንደጨበጠች አጥሩ ሥር ቁጭ አለች። ፈታሿን ቀና ብላ አይታ፣ "እርስዎ እኮ ሰምተውኝ ነበር" አለቻት።

ምእመናን፣ ደክሞኛል። ስለ ሻሽ፣ ስለ ቆብ፣ ስለ ማተብ ስንነታረክ ስንት ዘመናችን ነው? እናንተም ደክሟችኋል፤ ፊታችሁ ላይ አየዋለሁ። መመሪያውን ዛሬ አልፈርድበትም። እኔ የምጠይቃችሁ ሌላ ነው፤ በቢሯችሁ፣ በሰፈራችሁ፣ በዚያ ሁሉ ጩኸት መሐል ቀስ ብሎ የለመናችሁ ማን ነው? አልሰማንም አትበሉኝ። ሰምታችኋል።

ያቺ ሴት ዛሬም እዚያው በር ላይ ናት። ፊቷን የሸፈነች ልጅ በመጣች ቁጥር ማንንም ሳታስፈቅድ፣ ነይ ልጄ ትላለች። ነጂሃ ግን ወደዚያ በር ዳግም አልመጣችም።

የእናንተዋ ነጂሃ ገና አልሄደችም። አሁንም በሩ ላይ ቆማለች።