ባላምባራስ ቀበሮና ገደል ያየው ጋሪ

ተረት ልሸጥላችሁ ነው። እንደ ወጉ ነውሩን አስቀድሜ ልናገር፤ መጨረሻው አያስቅም፣ ልጅ ለማስተኛትም አይሆንም። የማይፈልግ አሁኑኑ ይነሳ። ቀራችሁ? እንግዲያስ ስሙኝ።

ድሮ፣ ድንጋይም እንጨትም አፍ በነበረው ዘመን፣ እንስሳት የሚገበያዩበት አንድ ሜዳ ነበር። በሜዳው መካከል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጧል፤ የቃል ድንጋይ ይሉታል። የሚሸጥ ሁሉ እጁን ድንጋዩ ላይ ጭኖ ሦስት ነገር ይናገራል። ያለኝ ይህ ነው ይላል። ዋጋው ይህ ነው፣ ሌላ የለበትም ይላል። ነውሩም ይህ ነው ይላል። እነዚህን ሳይናገር ገመዱን ለገዢ ማስረከብ አይቻልም። የገበያው ሕግ ይህ ነበር፤ የዋሸውን ድንጋዩ ራሱ ይይዘዋል።

በዚያ ገበያ ጋሪ የሚሸጥ ቀበሮ ነበር። ባላምባራስ ቀበሮ ይባላል፤ ማን እንደሾመው እሱም አያውቅም። አንድ ቀን በገደል ሥር ሲያልፍ አንድ በሬ ከነጋሪው ወድቆ ሞቶ አገኘ። ለበሬው አላዘነም። ጋሪውን ጎትቶ አወጣና አየው፤ ሁለቱን መንኮራኩሮች የሚያያይዘው ዘንግ ተሰንጥቋል። ከበሬው ቆዳ ጠፍር ቆረጠና ስንጥቁን በእርጥቡ ጠቀለለው። ጠፍር ሲደርቅ እንደ ብረት ጨብጦ ይይዛል፤ ውሃ ሲነካው ግን ይላላል። በላዩ ቀይ አፈር ለቀለቀበት። ከዚያም የበሬውን አንድ ቀንድ ቆርጦ መለከት አደረገው።

“ድንጋዩ የሚይዘው የተናገረውን አፍ ነው” አለ በልቡ። “እኔ እጄን ብቻ እጭናለሁ፤ የሚናገረው መለከቱ ነው። ውሸቱም የመለከቱ ነው።” ብልጥ ነኝ ባይ ሁሌም እንዲህ ነው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ እጁን ድንጋዩ ላይ ጭኖ መለከቱን ነፋ። መለከቱም “አሥር ጋሪ አለ! አሥር ጋሪ!” ብሎ ጮኸ። ከርከሮ ከሩቅ ሰምቶ እያለከለከ መጣ። ያለው አንድ ጋሪ ብቻ ነው። ዘጠኙስ ቢለው፣ ቀበሮ አሁን ተሸጠው አለቁ፣ ይህን አንዱን ቶሎ ውሰድ አለው። ከርከሮ መሬቱን ቢያይ የተጎተተ ጋሪ ዱካ የለም። እያጉረመረመ ተመለሰ። ያኔ መለከቱ በቀበሮ እጅ ውስጥ እንደ ሕያው ገላ ሞቀ፤ ሳይነፋም ተናገረ።

“ንገራቸው” አለ።

ቀበሮ፣ አንተ የሞትክ ነህ፣ ዝም በል አለው።

በሁለተኛው ቅዳሜ መለከቱ “ጋሪ በአንድ ሸክም ገብስ!” ብሎ ጮኸ። ጎሽ አንድ ሸክም ገብስ ይዞ መጣ። ቀበሮ ግን መንኮራኩሩ ለብቻው ነው፣ ገመዱም ለብቻው ነው እያለ ዋጋውን አራት ሸክም አደረሰው። ጎሽ ገብሱን ተሸክሞ ሄደ። ጊዜው እኩለ ቀን ነበር፤ ነፋስ የለም፣ ጋሪውን የነካውም የለም። መንኮራኩሩ ብቻውን ቀስ ብሎ ዞረና ፊቱን ወደ ገደሉ መለሰ።

“ንገራቸው” አለ ጋሪው።

ቀበሮ ጋሪውን በትንሽ ድንጋይ አስደገፈው። ሲነፋ የጫነውን እጁን ግን በረደው። በዚያ ፀሐይ የቃል ድንጋይ እንደ ሌሊት ውርጭ ቀዝቅዞ ነበር።

በሦስተኛው ቅዳሜ አህያ መጣች። አሮጊት እናቷን ደግፋለች። በመንደራቸው ያለው ጉድጓድ ደርቋል፤ ወንዙ ሩቅ ነው፤ የሚያድሩበት አገርም ከማዶው ነው፤ የእናቷ እግር ደግሞ ከድቷታል። እዚያ ካልደረሰች በጥም ትሞታለች።

“ባላምባራስ” አለች አህያ፤ “የምጭንበት እናቴን ነው፤ ወንዝም እሻገራለሁ። ነውር ካለው ይንገሩኝ፣ አልቀየምዎትም። እያሳረፍኩ በጀርባዬ እወስዳታለሁ።”

ቀበሮ ወንዝ የሚለውን ቃል ሲሰማ ጠፍሩ ትዝ አለው። ትዝ ብሎትም እጁን ድንጋዩ ላይ ጫነ። በእጁ ሥር ያለው ድንጋይ በጣም ቀስ ብሎ “ንገራት” አለው። ቅዝቃዜው ከመዳፉ ተነስቶ እስከ ትከሻው ወጣ። ቀበሮ መለከቱን ነፋ።

“ገደል ያላየ ጋሪ! ገደል ያላየ ጋሪ!”

ድምፁ የመለከት አልነበረም። አሮጊቷ አንገቷን ቀና አድርጋ፣ ይህን ድምፅ አውቀዋለሁ፣ የአንድ በሬ ድምፅ ነው አለች። ቀበሮ፣ እማማ ጆሮዎ አርጅቷል ብሎ ሳቀባት። አህያ የእናቷን የደረቀ ከንፈር አየች። ገመዱን ተቀበለች።

ወንዙ መካከል ሲደርሱ ጠፍሩ ውሃ ጠጣና ላላ። ዘንጉ ተገመሰ። አሮጊቷ አንድ ጊዜ ብቻ “ልጄ” አለች፤ ከዚያ በኋላ ያያት የለም።

በዚያችው ቅጽበት በገበያው መካከል የቀበሮ ጀርባ ቀጭ አለ። ቅዝቃዜው ከትከሻው ወርዶ አከርካሪው ውስጥ ገብቶ ኖሯል። ቀና ሊል ቢሞክር አልቻለም። ወገቡን በእርጥብ ጠፍር ጠቀለለው፤ ጠፍሩ ሲደርቅ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ፀሐይ ሲሆን ይሄዳል፤ ደመና ሲያይ ዋሻ ይገባል። ሲል ሲል ክረምቱ ቀረበ። ፈርቶ ወደ ድንጋዩ ሄደና ውሸቱ የመለከቱ ነው፣ እኔን ልቀቀኝ አለው።

“መለከት ትንፋሽ የለውም” አለ ድንጋዩ። “የማን ትንፋሽ ነበር?”

ቀበሮ መለከቱን ከጀርባው ደበቀ።

“ያልተናገርከው ነውር አልተሸጠም፤ አንተው ጋ ነው። ሂድና ለገዢዋ ንገራት” አለው ድንጋዩ።

ቀበሮ ወንዙ ዳር ሄደ። አህያ ውሃውን እያየች ቆማለች። ስለ በሬው ነገራት፤ ስለ ስንጥቁ ነገራት፤ ስለ ጠፍሩም ነገራት። አንዲት ቃል ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማችው።

“ጨረሱ?” አለችው።

“ጨረስኩ።”

“እኔም የጠየቅኩዎ ይህንኑ ነበር” አለች።

አልሰደበችውም፣ አልረገመችውም። ይህ ከእርግማን ይከፋል። ቀበሮ ጀርባውን ዳበሰ፤ አልዳነም። ካፊያው ጀመረ። ወገቡ ላይ ያለው ጠፍር ቀስ እያለ ይላላ ጀመር፤ አህያም ፊቷን አላዞረችለትም።

ስለዚህ የምትሸጡ ሁሉ ስሙ፦ ሳይሸጥ የተነገረ ነውር ምክር ነው፤ ከተሸጠ በኋላ የተነገረ መርዶ ነው።