«ይቅደሙ» ያዘገየው ሰነድ

ተረት ልንገራችሁ፤ «ንገሪን» በሉኝ። ቶሎ በሉኝ፣ ፋናዬ ጊዜ የላትም!

ፋናዬ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ነፍሰ ጡር ናት፤ ወሯም ገብቷል። የምትንከባከበው ፕሮግራም በሆስፒታሉ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኦክስጅን ሲያንስ ደወል ይደውላል። ግን ሦስት ሰዎች በሦስት የኮምፒውተር ቋንቋ፣ በፓይተን፣ በጃቫና በሲ፣ የጻፉት ነው፤ ሲበላሽ የቱ ጋ እንደሚነካ የምታውቀው እሷ ብቻ። «እኔ ስወልድ ደወሉ ዝም ቢልስ?» እያለች ከእንቅልፏ ትባንናለች። ለተተኪዋ ለትርሲት ሦስቱንም ያጣመረ አንድ ሰነድ ፈለገች። ሌላ ምንም አልፈለገች።

የየክፍሉን ማብራሪያ አጣምሮ ሰነድ የሚያወጣውን ሰብሳቢ ፕሮግራም «ሰብስብ» አለችው።

«የፓይተኑ ክፍል ማብራሪያ የለውም፤ አልሰበስብም» አለ።

ፓይተኑን ወደጻፈችው ወደ ምንትዋብ ሄደች። «ምንትዬ፣ ሰብሳቢው አልሰበስብ አለ፣ ሰነዱ አልወጣ አለ፣ ቀኔ ደረሰ፤ እባክሽ ጻፊ።»

«የኔ ክፍል መረጃውን ከጃቫው ነው የሚቀበለው። ቢንያም ሳይጽፍ ምን ብዬ ልጻፍ?»

ወደ ቢንያም ሄደች። «ቢኒ፣ ምንትዋብ አልጽፍ አለች፣ ሰብሳቢው አልሰበስብ አለ፣ ሰነዱ አልወጣ አለ፣ ቀኔ ደረሰ፤ እባክህ ጻፍ።»

«የኔ ደግሞ ከሲው ነው የሚቀበለው፤ የጋሽ ዘለቀ ሥራ ነው። እሳቸውን ልቅደም? ነውር አይደል እንዴ! እሳቸው ይቅደሙ።»

«ነግረሃቸዋል?»

«ኧረ እኔ! ታላቄን ላዝዝ?»

ፋናዬ ሆዷን ደግፋ ደረጃውን ወጣች። ወገቧን ቆረጠማት። ፈራች፤ በጣም ፈራች።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ቢንያም አልጽፍ አለ፣ ምንትዋብ አልጽፍ አለች፣ ሰብሳቢው አልሰበስብ አለ፣ ሰነዱ አልወጣ አለ፣ ቀኔ ደረሰ፤ እባክዎ ይጻፉ!»

ጋሽ ዘለቀ መነጽራቸውን አወለቁ። «እኔ እኮ ጠያቂ ስጠብቅ ነው የከረምኩት። ሳልጠየቅ ብጽፍ ‹ሽማግሌው አስተማሪ ሆነብን› ልትሉኝ! በይ ቁጭ በይ ልጄ፣ በዚህ ሆድሽ!»

ጋሽ ዘለቀ ጻፉ። ጋሽ ዘለቀ ቢጽፉ ቢንያም ጻፈ፤ ቢንያም ቢጽፍ ምንትዋብ ጻፈች፤ ምንትዋብ ብትጽፍ ሰብሳቢው ሰበሰበ፤ ሰብሳቢው ቢሰበስብ ሰነዱ ወጣ፤ ሰነዱ ቢወጣ ፋናዬን ምጥ ያዛት።

ሴት ልጅ ወለደች። ሕፃኗ ትንፋሽ አጠራት፤ ወደዚያው የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አስገቧት። ነርሷ ደወሉን ብትሞክረው ዝም! ፋናዬ ከአልጋዋ ልትነሳ ስትል ተተኪዋ ትርሲት ሰነዱን ገለጠች፤ ከሲው ክፍል አንዲት መስመር አስተካከለች። ደወሉ ጮኸ። ነርሷ ሮጠች፤ ኦክስጅኑን ከፍ አደረገች። ሕፃኗም አለቀሰች፣ እናቷም አለቀሰች።

የኔ ተረት ይኸው ነው። ቀጥሎ የሚነግረን ማነው? «እርስዎ ይቅደሙ» መባባል ክልክል ነው።