እመት ጉሬዛ ያልከፈተቻቸው ቅሎች

ተረት ላምጣ?
አምጪ በሉኝ።
መንገዱ ጭጋግ ነው፤ ተጠጋግታችሁ ስሙኝ።

ድሮ፣ አውሬ ሁሉ ሲናገር፣ በአንድ ሸለቆ ውስጥ እመት ጉሬዛ የምትባል የሕዝብ እንደራሴ ነበረች። ነጭ ካባዋ የሚያምር፣ ድምፅዋ ለስላሳ፣ አነጋገሯ የታረመ። ሸለቆው ወደ ሸንጎ የሚልከው እሷን ነበር።

የዚያ አገር ወግ እንዲህ ነው። አቤቱታ ያለው ሁሉ ብሶቱን ቅል ውስጥ ይናገራል፤ ቅሉ በሰም ይታሸጋል። እንደራሴው ተሸክሞት ይሄድና በሸንጎ ፊት ይከፍተዋል። ድምፁ እንደ ወጣ ይሰማል፣ ከዚያ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እስከዚያ ባለቤቱ ዲዳ ነው። ቅሉ ከሸንጎ ውጭ ከተከፈተ ግን ድምፁ የከፈተው ሰው ጉሮሮ ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱን ዳግመኛ አያውቀውም።

አንድ ዓመት ሦስት ቅሎች ታሸጉ። ኤሊ ሌቦች እንቁላሎቿን ከአሸዋው ውስጥ እየሰረቁ አላስቀምጥ እንዳሏት ተናገረች። ጥንቸል አስተማሪው ከቀረ ወዲህ ልጆቿ የወጥመድን ገመድ ከሐረግ መለየት እንዳቃታቸው ተናገረች። በመጨረሻ ሚዳቋ መጣች። ግልገሏ በትኩሳት ትነዳለች፤ ሐኪሙ አባ ጃርት ወደ ማዶ ሸለቆ ተዛውሮ፣ የመድኃኒቱ ዋሻ በድንጋይ ከተዘጋ ሰንብቷል።

“እትዬ፣” አለች ሚዳቋ፣ “ድምፄን ከሰጠሁሽ ልጄን በምን እጠራታለሁ? ትኩሳቱ ዓይኗን ጋርዶባታል። አሁን የምታውቀኝ በድምፄ ብቻ ነው።”

“ሄጄ እስክመለስ ነው፣ እህቴ” አለች ጉሬዛ።

ሚዳቋ አፏን ቅሉ ላይ ገጥማ ተናገረች። ቀና ስትል አፏ ይከፈታል፣ ድምፅ የለም።

ሸንጎው የሚቀመጠው ዋሻ ውስጥ ነበር። ከፊት አንድ ትልቅ ነጋሪት አለ። ንጉሡ ከነጋሪቱ ጀርባ ነው ይባላል፤ ያየው ግን የለም። የሚመልሰው ነጋሪቱ ነው። ከጉሬዛ አጠገብ የሌላ ጫካ እንደራሴ የሆነው አያ ጅቦ ተቀምጧል። የመጀመሪያውን ቅል ሰም መፋቅ ስትጀምር ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

“እመት ጉሬዛ፣ እንደ እርስዎ ያለ የተማረ ሰው ጩኸት ይዞ ይመጣል? በጨዋ ቃል ያቅርቡት እንጂ። እኔን አያዩኝም? ከእኔ ሰፈር እኮ የሚጮህ የለም።”

ለምን የሚጮህ እንደሌለ አልጠየቀችውም። አፈረች። ቅሉን ሳትከፍት ቆመችና በሸለቆው አንዳንድ የፀጥታ ክፍተቶች እንደሚስተዋሉ ገለጸች።

“ሰምተናል” አለ ነጋሪቱ። እንደራሴዎቹ አጨበጨቡ።

ሁለተኛውንም ሳትከፍት፣ ለትምህርት ትኩረት ቢሰጠው ስትል አሳሰበች።

“ሰምተናል።” አጨበጨቡ።

ሦስተኛው ቅል እንደ ታመመ ልጅ ግንባር ይሞቅ ነበር። ጉሬዛ እጇን ቀየረችና የጤና አገልግሎቱ መሻሻል እንደሚገባው ተናገረች።

“ሰምተናል።”

“ይኸው፣ አሁን እንደራሴ ሆኑ” አላት አያ ጅቦ።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ጭጋግ ወረደ። ቀን ነው፣ ግን የገዛ እግሯ አይታያትም። ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። ስትቆም ይቆማል። ስትሄድ ይሄዳል። እንደገና ስትቆም፣ የሚዳቋ ቅል ከሰሙ ሥር በሹክሹክታ፣ “ነይ ልጄ፣ ነይ” አለ።

የሚዳቋ ግልገል የእናቷን ድምፅ ተከትላ ከጭጋጉ ወጣች። ዓይኗ ነጭ ሆኗል፣ ጉልበቷ ይንቀጠቀጣል። አፍንጫዋን ወደ ቅሉ አስጠጋች።

“እማዬ፣ ገላሽ ለምን ጠነከረ?”

ጉሬዛ ቅሉን በሸንጎ ፊት ልትከፍት ወደ ኋላ ሮጠች፤ ግልገሏም ድምፁን ተከትላ፣ እየወደቀች እየተነሳች። ዋሻው ባዶ ነበር። እንደራሴዎቹ ተበትነዋል። ጉሬዛ ከነጋሪቱ ጀርባ ዞራ አየች፤ ንጉሥ የለም፣ መቺ የለም። ከጣሪያው ውሃ ጠብ ይላል፤ ጠብ ባለ ቁጥር ነጋሪቱ ብቻውን ይመልሳል።

“ሰምተናል። ሰምተናል።”

እሷ ገና አፏን አልከፈተችም።

ሌላ ሸንጎ የሚቀመጠው ከክረምቱ በኋላ ነው። ግልገሏ ደጃፉ ላይ ተዘርግታለች፤ ትንፋሿ አጥሯል።

“እማዬ፣ ጥሪኝ” አለች። “አንዴ ብቻ ጥሪኝና እነሣለሁ።”

ጉሬዛ ከዋሻው በላይ ካለው ዛፍ ጫፍ ወጥታ ሦስቱንም ቅሎች ሰበረች። ለስላሳ ድምፅዋ ያኔውኑ ጠፋ። የኤሊ፣ የጥንቸልና የሚዳቋ ጩኸት በአንድነት ከጉሮሮዋ ወጣ፤ የዛገ በር በግድ ሲከፈት እንደሚሰማው ያለ። ተሰረቅን፣ ልጆቻችን ሳያውቁ አደጉ፣ ልጄ ልትሞትብኝ ነው የሚለው ተራራውን ተሻገረ። ማዶ ያለው አባ ጃርት ሰማና ሥራሥሩን ይዞ መጣ። የኤሊ ጎረቤቶች ሰሙና አሸዋው ዳር ዘብ ቆሙ። ለጥንቸል ልጆች ግን ዘግይቷል፤ የወጥመዱ ገመድ ቀድሟቸዋል።

የሚዳቋ ልጅ ዳነች። ድምፅ ግን ለባለቤቱ አልተመለሰም። ጉሬዛ ዛሬም ጎህ ሲቀድ በዚያ በሻከረ ጉሮሮ ከዛፍ ላይ ትጮኻለች። ያን ጊዜ ግልገሏ ጆሮዋን ወደ ዛፉ ታቀናና “አቤት፣ እማዬ” ትላለች። እናቷ ሚዳቋ አጠገቧ ቆማ አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።

የሌላውን ጩኸት ይዞ የተላከ፣ ሳያለዝብ ያድርስ። እኔ እስከዚህ ተሸክሜዋለሁ፤ ከዚህ በኋላ እናንተ ተቀበሉኝ።