ጠባሳዋን የተፋቀችው ልጅ

አንድ ፎቶ አንሺ ነበረ። አትቁነጥነጥ፣ አዝመራው፤ «እስር ቤት መክረሜን ደብቄ እጮኛዬን ባገባት፣ ሳትሰማ ብትኖር ምን ይጎዳታል?» ብለህ የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። መልሴን ሳልጨርስ አትነሳም።

ይህ ሰው ደንበኞቹን የሚያነሳው ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ሐይቁ ዳር ባለው መስክ ላይ ነው። ከዚያ ሱቁ ገብቶ በኮምፒውተር መስኩን ቆርጦ ይጥልና አንዱን ነጭ ፈረስ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ለሌላዋ ክንፍ ያበቅልላታል። እጁ የተባረከ ነው አሉት፤ እሱም አመነ። ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ ያነሳውን ያጠፋዋል። «ጥሬው ምን ይሠራል?» ይላል።

አንድ ቀን ባሏ የሞተባት ሴት አንድያ ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ ከዚያ በፊት ፎቶ ተነስታ አታውቅም። በሕፃንነቷ እሳት የነካውን ጉንጯን ከካሜራው ስትሸሽግ አያት።

«አይዞሽ፣ አጠፋልሻለሁ» አላት።

«ኧረ ልጄ፣ እንዳለች ተዋት» አለች እናት። «እኔ እንዲሁ ነው የምወዳት።»

«እማማ፣ ቆይተው ይመርቁኛል!» ብሎ ሳቀ። ጠባሳውን ፋቀ፤ ፊቷን አቀላ፣ አፍንጫዋን አቀጠነ፣ ዓይኗን አሰፋ። ዘውድ ደፍቶላት ከደመና በላይ ቤተ መንግሥት ውስጥ አቆማት። ልጅቷ በደስታ አለቀሰች። እናቲቱ የልጇን ጉንጭ ዳበሰች።

ክረምት ሲገባ ልጅቷን ወንዝ ስትሻገር ደራሽ ውሃ ወሰዳት። አስከሬኗም አልተገኘም። ታዲያ ምን ላይ ይለቀስ? ያለው ያ ፎቶ ብቻ ነው፤ ድንኳኑ ውስጥ ወንበር ላይ አቆሙት። ፎቶ አንሺውም ለቅሶ ሊደርስ ሄደ። «እግዜር ያጥናዎት» ብሎ ጎንበስ ሲል እናቲቱ እጁን ጭምድድ አድርጋ ያዘችው።

«ይቺ ማን ናት? ዓይኔን ስጨፍን የምትመጣብኝ ይቺ ሆነች፤ የኔዋ ጠፋችብኝ። በእመቤቴ ይዤሃለሁ፣ ልጄን ከነጠባሳዋ ስጠኝ!»

ወደ ሱቁ ሮጠ። ቢፈልግ የለም፤ ራሱ ነው ያጠፋው። ሲጨንቀው ጠባሳውን መልሶ ሊሥለው ተቀመጠ። ግን በየትኛው ጉንጯ ነበር? በግራ? በቀኝ? ያን ፊት አፍጥጦ ሲያይ የዋለው ሊፍቀው እንጂ ሊያውቀው አልነበረም። እናቲቱን ሄዶ እንዳይጠይቅ አፈረ። ባዶ እጁን ተመልሶ ከድንኳኑ ውጭ ቆመ። ሴቶቹ ፎቶውን ፊቱን ወደ ሸራው አዙረውታል፤ የልጅቷን አሮጌ ቀሚስ ዘርግተው ያለቅሳሉ። መግባት አቃተው።

እንግዲህ አዝመራው፣ ያቺ እጮኛህ ማንን ልታገባ ነው? ፍቀህ ፍቀህ ያቆምክላትን ሰው እኮ ነው። ትወደው ይሆናል፤ ምን ያደርግልሃል? አንተ ብትታመም የምታስታምመው እሱን፣ ብትሞት ደረት የምትደቃው ለእሱ። አንተማ አልቃሽ የለህም። ሂድ፣ ዛሬውኑ ንገራት። ጥላህ ብትሄድ እንኳ፣ ቢያንስ የጣለችው አንተን ይሆናል።