የዘመመው ባለጎማ ቤት

አንድ ሰው ነበረ፤ ቤቱ ጎማ ያለው።

አትሳቂ። የጠየቅሽኝን ሰምቻለሁ። «ባሌ ውጭ ሲስቅ ሲጫወት ይውላል፤ ቤት ሲገባ ይጠወልጋል። እህቱ ከገጠር መጥታ እኛ ጋ ከተቀመጠች ወዲህ ነው። ላስወጣት ወይስ ልተዋት?» ነው ያልሽው። አስወጪ ወይም ተዪ ብዬ አልመልስልሽም። ሰውየውን ልንገርሽና ራስሽ ፍረጂ።

ሰውየው ሾፌር የነበረ ነው። ጎረቤት የሚባል ነገር አያምንም። ሰላም ሲሉት «ምን ፈልገው ነው?» ይላል፤ ዝም ሲሉት «ምን እየዶለቱ ነው?» ይላል። አንድ ቀን ከአጥርና ከአጥር ለአጥር ወሬ ልገላገል ብሎ አሮጌ መለስተኛ አውቶቡስ ገዛ። ወንበሮቹን ነቅሎ አልጋ አስገባ፤ ምድጃ ገጠመ፤ በመስኮቶቹ ሁሉ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለ። «ከእንግዲህ ጎረቤት ሲከፋብኝ ቤቴን አስነሥቼ መሄድ ነው» አለ። የሰሙት ሁሉ ብልህ ነው አሉት። ሰው ምን የማይለው አለ!

ሚስቱን ይዞ በሦስት ዓመት ሰባት ከተማ ዞረ። ከአንዱ ከተማ አንዲት ሴትዮ በመስኮት ታያለች ብሎ ተነሣ፤ ከሌላው የሰፈሩ ውሻ እየመረጠ እኔ ላይ ብቻ ይጮኻል ብሎ ተነሣ። ሚስቱ ያጠበችው ልብስ ሳይደርቅ፣ የጣደችው ወጥ ሳይበስል ሞተር የሚያስነሣበት ቀን ነበር። ሚስትየዋ ታጋሽ ነበረች። ታጋሽ ማለት ግን ሞኝ ማለት አይደለም።

ስምንተኛዋ ከተማ በገደል አፋፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ከእሷ ወዲያ መንገዱ ወደ ቆላ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ረጅም ቁልቁለት ነው። ሰውየው ቤቱን በከብት ገበያው ዳር አቆመ። አጠገቡ ብስክሌት የሚያከራይ አንድ ሽማግሌ የቆርቆሮ ሱቅ ነበረው። የሽማግሌው ሚስት አዋላጅ ነበረች። የሰውየው ሚስት ደግሞ ሰባት ወሯ ነው፤ የመጀመሪያ ልጇ። ሁለቱ ሴቶች በሳምንታቸው እንደ እናትና ልጅ ሆኑ።

«እኔ እዚህ ነው የምወልደው» አለች ሚስቱ።

«እናያለን» አለ ባልዬው።

በሦስተኛው ሳምንት ቤቱ መዝመም ጀመረ። ጠዋት ሲነሡ የፊት ግራው ጎማ ተንፍሶ፣ ቤቱ በዚያ በኩል አጎንብሶ ያገኙታል። ብርጭቆው ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ድስቱ ከምድጃው ተንሸራቶ ይጠብቃቸዋል። ሰውየው በክሪክ አነሣና ጎማውን ከነብረቱ ፈታ፤ እያንከባለለ ጎሚስታ ቤት ወሰደው። ጎሚስታው ነፍቶ ውሃ ገንዳ ውስጥ ነከረው፤ አገላብጦ አየው። አንዲት አረፋ አልወጣችም። «ጎማህ ንጹህ ነው» አለው። ሰውየው ወስዶ ገጠመው። በማግሥቱ ቤቱ ዘመመ።

መልሶ ወሰደው። ጎሚስታው «እኔ ጋ ይደር» አለ። ጎማው እዚያ አደረ፤ ጠዋት ሲያዩት እንደ ከበሮ ተወጥሮ ተገኘ። አምጥቶ ገጠመው። በማግሥቱ ዘመመ። አዲስ ጎማ ገዝቶ አስለወጠ። አዲሱም ያው ሆነ።

እስቲ አስቢው። ጎሚስታ ቤት ሲያድር አይተነፍስም፤ ቤቱ ሥር ሲያድር ይተነፍሳል። ሰውየው ምን ይበል? «የሰው እጅ አለበት» አለ። እሱን ብሆን እኔም እንደዚያ እል ነበር፤ አልዋሽሽም።

የማን እጅ? የብስክሌት አከራዩ ነዋ። ጎማ መንፋት የሚያውቅ ጎማ ማስተንፈስም ያውቃል። ሽማግሌው ደግሞ ባለፈ ቁጥር ያን ጎማ ጎንበስ ብሎ ያያል። አንድ ቀንማ ጆሮውን ጠጋ አድርጎ እንደ መስማት አለ። ሰውየው ይህን ሁሉ በመጋረጃው ሽንቁር ሲያይ ሰነበተ።

«የሚያስተነፍሰው እሱ ነው» አላት ሚስቱን።

«ለምን ብሎ?»

«እንዳንሄድ ነው። ወይም እንድንሄድ።»

«አንዱን ምረጥ እንጂ።»

«ሐሙስ ወደ ቆላ እንወርዳለን። ሰው የሌለበት ቦታ አውቃለሁ።»

«ያንን ቁልቁለት? በዚህ ሆዴ?» አለችው። «ሰባት ጊዜ ተነሺ ብለኸኝ ሰባት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አሁን ግን በእኒህ ሽማግሌ ላይ ክፉ ቃል ካወጣህ ቤትህን ይዘህ ሂድ። እኔ ከባለቤታቸው ጓዳ ቁርበት አንጥፌ እተኛለሁ።»

ሰውየው መጋረጃውን ዘጋ። «ይኸው» አለ፤ «አንቺንም አስነክተውብኛል።»

ሐሙስ ጠዋት ጎማውን ነፋ፤ ከሥር የተወተፉትን ድንጋዮች አነሣ። ሚስቱ አልሄድም ብላ በአውቶቡሱ ደረጃ ላይ ተቀምጣለች። ሰውየው ወደ ኋላ ዞሮ ዕቃ አሥሮ ሲመለስ ሽማግሌውን አየው። ያ ሽማግሌ ከጎማው ሥር ቁጢጥ ብሏል። በእጁ ጣሳ ይዟል። ከጣሳው ነጣ ያለ ውሃ በብረቱ ዙሪያ ቀስ እያለ ያፈስሳል፤ ከንፈሩም ይንቀሳቀሳል።

ሰውየው «አገኘሁት» አለ በልቡ። መተት ነው። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ገባው፦ የቤቱ መዝመም፣ የሚስቱ እንቢታ፣ አዋላጅቷ የምታመጣው አጥሚት፣ የሽማግሌው ጆሮ። አንዱ ከአንዱ ገጠመለት። ጥርጣሬ ሁልጊዜ እንዲህ ነው ልጄ፤ የማይገጥመው ነገር የለም። የክሪኩን ብረት አንሥቶ ከሽማግሌው ራስ በላይ ቆመ።

«ምንድነው የምታፈስብኝ?»

ሽማግሌው ቀና እንኳ አላለም። «ሳሙና» አለ።

«የምን ሳሙና?»

«የልብስ። የባለቤቴ ነው፤ ስትሰማ ትቆጣኛለች።»

«ከንፈርህ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ።»

«ጉልበቴን እየረገምኩት ነው። ና እስቲ ዝቅ በል። መምታቱን ከፈለግህ በኋላ ትመታኛለህ፤ የትም አልሄድም።»

ሰውየው ሚስቱን አያት። እሷም አየችው። ያን ብረት ቢያሳርፍበት ሚስትም ልጅም እንደማይኖረው ከዓይኗ አነበበ። ብረቱን እንደያዘ ተንበረከከ፤ ጉንጩ መሬት ሊነካ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ዝቅ አለ።

አየሩ የሚወጣው ከጎማው አልነበረም። ጎማው ከሚቀመጥበት ብረት፣ ሾፌሮች ቸርኬ ከሚሉት ላይ፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ነበረች። ከስንጥቋ ነጭ አረፋ እንደ ትል እየተሳበ ይወጣል።

«ጎሚስታው እኮ ከነብረቱ ውሃ ውስጥ ነክሮታል» አለ ሰውየው። ድምፁ አንሷል።

«ነክሮታል። ምንም ሳይሸከም ነዋ» አለ ሽማግሌው። «ሳይሸከም ስንጥቁ ይገጥማል፤ ማንም አያየው። ቤት ሲጫነው ይከፈታል። ሲፏጭ ከሰማሁት ቆየሁ። ልነግርህ ሁለት ጊዜ መጥቼ ነበር፤ መጋረጃህን ዘጋህብኝ።»

ሰውየው መንገዱን አየ። ቤት ተሸክሞ፣ ነፍሰ ጡር ተሸክሞ፣ በዚያ ብረት ያን ቁልቁለት ሊወርደው ነበር። የመጀመሪያውን ጥምዝ ይዞር ይሆናል፤ ሁለተኛውን እንጃ። ሚስቱ ከደረጃው ወርዳ የክሪኩን ብረት ከእጁ ወሰደችና ወደ ቤት አስገባችው።

«ይበየዳል?» አለ ሰውየው።

«ይበየዳል። የተበየደ ግን ለደልዳላ መንገድ ነው እንጂ ለገደል አይታመንም። ሌላ ፈልግለት።»

የአሮጌ አውቶቡስ ቸርኬ እንደ ሽንኩርት በየሱቁ አይሸጥም። ሲፈለግ አምስት ሳምንት ፈጀ። ልጁ በአራተኛው ሳምንት ተወለደ፤ በሽማግሌው ሚስት እጅ። ሰውየው መልአክ ሆነ ብዬ አላታልልሽም። አዲሱ ቸርኬ ሲመጣ ሦስት ጊዜ ፈተሸው፤ ሽማግሌው ሳሙና ሲያውሰው መጀመሪያ አሸተተው። ቤቱ ግን ከዚያ ቦታ አልተነሣም።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ባልሽ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ አይተሽ «እሱ ደኅና ነው፤ ቤት ውስጥ የሚያስተነፍስብኝ ሰው አለ» አልሽ። ከጓደኞቹ መሃል ምን ተሸክሞ ነው የሚፈተሸው? እዚያ ገንዳ ውስጥ የተነከረ ጎማ ነው፤ አረፋ አታዪበትም። ቤት ሲገባ እናንተ ጋ የተኛችው እናቱ ሕመም ይጫነዋል፤ ከሥራ ይዞት የመጣው ይጫነዋል፤ የአንቺም ፊት ይጫነዋል፤ አዎ፣ የአንቺም። ስንጥቁ ያኔ ይከፈታል። የት ጋ እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ጠንቋይ አይደለሁም። አንቺም አታውቂም፤ በመጋረጃ ሽንቁር ስታዪው ነው የከረምሽው።

«እህቱን ጓዳ ውስጥ ስታንሾካሹክለት አገኘኋት፤ ስገባ ዝም አለች» ነው ያልሽኝ? «ወንድሜ ምን ሆነሃል?» እያለችው ቢሆንስ? ከእሱ አጠገብ ዝቅ ብላ ያየችው እሷ ብቻ ብትሆንስ? ዛሬ እሷን ብታስወጪ ነገ ቤቱ ይዘምማል። ያኔ ሠራተኛዋን ታስወጫለሽ፤ ከዚያ አማትሽን፤ ሰው ሲያልቅ ደግሞ እሱን።

ሂጂና መጀመሪያ እህቱን «ምን አይተሽበታል?» ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ እሱ ሸክሙን እንደተሸከመ ሲገባ፣ ከሳቁ ሳይሆን ከዝምታው አጠገብ ቁጭ በይ። ይህን ሁሉ አድርገሽ አሁንም እህቱ ናት ካልሽኝ፣ ነይና ንገሪኝ፤ ሻንጣዋን እኔ ራሴ ተሸክሜ መናኸሪያ አደርስልሻለሁ።