የትኛው ቅጠል?

አንድ ጥያቄ ከልጅነቷ ጀምሮ ተሸክማ የኖረች ተማሪ ነበረች። ጥያቄው አጭር ነው፦ «እህቴን የገደላት የትኛው ቅጠል ነው?»

ስሟ ጥሩዓለም ይባላል። ትንሽ ልጅ ሳለች ከታላቅ እህቷ ከደብሪቱ ጋር አጥር ሥር ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ ነበር። ደብሪቱ በጣሳ ክዳን ላይ ቅጠሉንም፣ ፍሬውንም፣ ሣሩንም አንድ ላይ ጨፈለቀችና «ወጡ ደርሷል፤ ቅመሺ» አለቻት። ጥሩዓለም እንደ ጨዋታው ደንብ የቀመሰች አስመሰለች እንጂ አልቀመሰችም። ደብሪቱ ግን የምር ቀመሰች። ከቀትር በኋላ አፏ ደረቀ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ በቤቱ ውስጥ ከሌሉ ሰዎች ጋር ታወራ ጀመር። ጎረቤቱ ሁሉ «ጋኔን ለክፏት ነው» አለ። ጠበል ሊወስዷት ሲሰናዱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አረፈች። የጣሳውን ክዳን ዞር ብሎ ያየው ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ጥሩዓለም አረንጓዴ ነገርን ሁሉ ትፈራለች። ገዳዩ የትኛው እንደሆነ ስለማታውቅ ሁሉም ገዳይ ሆነባት። ሣር አቋርጣ አትሄድም፤ ዙሪያውን ትዞራለች። ቅጠል የነካውን እጇን ቆዳው እስኪላጥ ታጥባለች። ምሳ ላይ ጎመን ከቀረበ ከሳህኗ ጠርዝ ላይ ገፍታ፣ እንዳይጠጋት በዓይኗ ትጠብቀዋለች።

የፈሩት ይደርሳል እንዲሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ምደባው ባዮሎጂ ላይ ጣላት። ከዚያም እያንዳንዱ ተማሪ ከሁለት የዕፅዋት መግቢያ ኮርሶች አንዱን እንዲመርጥ ተነገረ። የመጀመሪያው ስለ ዕፅዋት ውስጣዊ አሠራር ነው፤ ሁሉ ነገር በአዳራሽ፣ በመጽሐፍና በስላይድ ያልቃል። ሁለተኛው ዕፅዋትን ለይቶ ማወቅን ያስተምራል። በዚህኛው ተማሪው ከመምህሩ ጋር ሜዳ ለሜዳ እየዞረ ቅጠል ይቀጥፋል፣ በጣቱ ያሻል፣ ያሸታል። ምዝገባው ዓርብ ይዘጋል።

የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ ኢክራም ነገሩ የሚያከራክር አልመሰላትም።

«ሲኒየሮቹ ያሉትን አልሰማሽም? የመጀመሪያው ዓይንሽን ጨፍነሽ ኤ ነው! ሁለተኛው ፀሐይ፣ ጭቃ፣ እሾህ፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ ሲ።»

ጥሩዓለም በሆዷ ተመስገን አለች። ፍርሃቷን የግሬድ ልብስ አልብሳ ብትሄድ ማንም አይጠይቃትም።

«እኔም የመጀመሪያውን ነው ያሰብኩት» አለች።

«ታዲያስ! ከጎመን የምትሸሽ ሴትዮ ሜዳ ምን ትሠራለች?»

ሐሙስ ዕለት ከክፍል ሲመለሱ፣ ከመኝታ ሕንፃቸው ጀርባ ቆሻሻ በሚጣልበት በኩል አለፉ። ኢክራም ጉንፋን ይዟት በየደቂቃው ታስነጥሳለች። ድንገት ጎንበስ አለችና ደርቆ የተሰነጠቀ፣ እሾሃማ ፍሬ ቀጠፈች። መዳፏ ላይ ስታራግፈው ጥቃቅን ጥቁር ዘሮች ወረዱ።

«አንቺ! ጥቁር አዝሙድ እዚሁ ጓሯችን በቅሎልናል እኮ! ለጉንፋን ከእሱ ወዲያ ላሳር፤ እናቴን ጠይቂ።»

ጥሩዓለም ወደ ኋላ አፈገፈገች። ያ እሾሃማ ፍሬ በጣሳው ክዳን ላይ ነበር። ወይስ አልነበረም? ክዳኑን በሕልሟ ስታየው ኖራለች፤ በየሕልሙም ሌላ ነገር ይቀመጥበታል።

«ጣዪው!»

«ለምን?»

«ይገድላል!»

«ምንድን ነውና?»

«አላውቅም» አለች ጥሩዓለም።

ኢክራም ከት ብላ ሳቀች። «ትናንት ጎመኑን፣ ከትናንት ወዲያ ጤና አዳሙን እንዲሁ ነው ያልሽኝ። አንቺ ዘንድ እኮ የማይገድል የለም!» ብላ ዘሩን ወደ አፏ ወረወረችው።

ክፍል ውስጥ ስሟ ሲጠራ እንኳ ድምፅ አውጥታ «አቤት» የማትለው ጥሩዓለም ያን ጊዜ ጮኸች። የጓደኛዋን አገጭ ይዛ፣ ቅጠል መንካት በሚፈራው ጣቷ ዘሩን ከአፏ ውስጥ ጠረገች። ኢክራም «አብደሻል እንዴ!» እያለች ተፋች። ግን ቀድሞ የወረደ ነበር። ጥሩዓለም ፍሬውን በባዶ እጇ ከመሬት አነሳች፤ በሌላው እጇ ጓደኛዋን እየጎተተች ወደ ትምህርት ክፍሉ ሮጠች። ሁለተኛውን ኮርስ የሚያስተምሩት መምህር ባዩ በር ላይ ቆመው ነበር። ፍሬውን አንድ ጊዜ አዩት።

«አስተናግር ነው፤ ዘሩ መርዝ ነው። የዋጠችው አለ?»

«ትንሽ… ሳልውጥ አልቀረሁም» አለች ኢክራም። ሳቋ ጠፍቷል።

«በሉ ወደ ክሊኒክ! ፍሬውንም ይዛችሁ፣ ስሙንም ንገሯቸው!»

ሐኪሞቹ ስሙን ሲሰሙ የሚያደርጉትን አወቁ፤ ወዲያው ሥራቸውን ጀመሩ። ያም ሆኖ ኢክራም አፏ ደረቀ፣ ዓይኗ ፈጠጠ፣ እዚያ ከሌለች እናቷ ጋር ማውራት ያዘች። ጥሩዓለም አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ያን የልጅነት ቀን እንደገና ኖረችው። የጓደኛዋን እጅ ከለቀቀች የምትሞትባት ስለመሰላት አልለቀቀችም።

ዓርብ ሲነጋ ኢክራም ውኃ ጠየቀች። ጠጥታም ፈገግ አለች።

«እናቴ ሌሊት መጥታ ነበር መሰለኝ። ጥቁር አዝሙድ አታውቂም ወይ ብላ ስትቆጣኝ ነው ያደረችው።» ከዚያ ፈገግታዋ ጠፋ። «ጥሩዬ፣ ምነው ስሙን ብትነግሪኝ ኖሮ? እጥለው ነበር እኮ።»

ይህ ቃል ጥሩዓለምን ከማንኛውም እሾህ በላይ ወጋት። መምህር ባዩ ሊጠይቁ ሲመጡ ወደ ኮሪደሩ ተከትላቸው ወጣችና ለማንም ያልነገረችውን ነገረቻቸው፤ ክዳኑን፣ የደብሪቱን ዓይን፣ የደረቀ አፏን። ሰምተው ሲጨርሱ መለሱላት።

«እርግጠኛ መሆን አይቻልም። ግን ምልክቱ የእሱ ነው። አጥር ሥር፣ ቆሻሻ ላይ በየቦታው ይበቅላል።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ስፈራ የኖርኩት…»

«አንድ ተክል ነው ልጄ። መፍራትሽ ልክ ነበር። ግን አንዱን ስላላወቅሽው ሁሉንም ፈራሽ። ሁሉንም የሚፈራ ሰው ደግሞ፣ እውነተኛው ቀን ሲመጣ የሚያምነው አያገኝም።»

«የእርስዎን ኮርስ እንድወስድ ማለትዎ ነው?»

«አላልኩም። የመጀመሪያውም ጥሩ ኮርስ ነው፤ ብዙዎች ይወዱታል። ለአንቺ የቱ እንደሚሆን ግን ሲኒየሮችም አያውቁም፣ እኔም አላውቅም። ወደ ሜዳ የምትመጪ ከሆነ አስተናግርን እንደገና ታገኚዋለሽ። ያን ጊዜ እንዳትሸሺ አላስርሽም፤ ስሙን እንድትጠሪ ብቻ ነው የምጠይቅሽ።»

ስም ያላገኘ ፍርሃት ሜዳውን ሁሉ ይይዛል፤ ስም ሲያገኝ ግን አንዲት ጥግ ትበቃዋለች። ብዙዎቻችን ትምህርትም፣ ሥራም፣ ትዳርም ስንመርጥ የሚቀለውን የመረጥን ይመስለናል፤ ለካስ የመረጠልን ስሙን ያልጠራነው ፍርሃታችን ነው። እውቀት ፍርሃትን ላያጠፋው ይችላል። ልኩን ግን ያሳየዋል፤ ከዚያም አልፎ አጠገባችን ያለውን ሰው ያድናል። እርስዎስ አንዱን ባለማወቅዎ ምክንያት ስንቱን ሲሸሹ ኖረዋል?

ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ጥሩዓለም ከክሊኒኩ ወጣች። በመንገዱ ብትዞር ትዘገያለች፤ በጊዜ የሚያደርሳት በመካከል ያለው ሣር ብቻ ነው። ቀና ብላ የማታውቃቸውን ቅጠሎች ሁሉ አየች፤ ከዚያም ፍርሃቷን እንደያዘች ሣሩን አቋርጣ ሄደችና ስሟን ከሁለተኛው ኮርስ ሥር ጻፈች።